ክፉ አየርና የምድር ባቡር

ክፉ አየር የሚባለው ነገር ለሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የተወለድሁበት የዋግ አገር፣ ይልቁንም ጋዝጊብላ፣ ዝናብን ክፉ ብሎ የማይጠራ አገር ስለ ሆነ ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ አየር ማለት በሐምሌ ወር ጠርቶ የሚውል ሰማይ ነው። ገበሬው ጧት ከደጁ ወጥቶ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ጠርቶ ሲያገኘው ፊቱ ይጠቁራል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ግን የገበሬው ፊት ይበራል። በቀድሞ ዘመን ከአፋር ቆላ የወጣውን አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ያንኑ ዝናብ እንደ ሽፍታ ይፈራው ነበር፤ ጨውና ዝናብ አይስማሙምና። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ደመና በታች፣ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ያማርራል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የማወራችሁ ግን ስለ ሦስተኛ ዓይነት ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች የሚዘሩት እህል ወይም የሚጭኑት ጨው የላቸውም። ነገር ግን ዝናብና ጉም፣ ውርጭና ነፋስ ያለበትን ቀን መርጠው ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ከተራራ ግርጌ ቆመው በእንፋሎት የሚሄድ የድሮ ባቡር እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃሉ፤ ባለፈም ጊዜ ፎቶግራፍ ያነሡታል። ወጣት አንባቢ ይህን ሲሰማ «ሥራ ቢያጡ ነው» ይል ይሆናል። ፍርዱን ግን እስከ መጨረሻው ያቆይልኝ።

በዋግ ምድር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ስለ ባቡር መጀመሪያ የሰማሁት በልጅነቴ ከአገሬ ርቄ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ነው። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ባቡር ሥለው፣ «ይህን ሁሉ ሸክም የሚጐትተው ከጋን ውስጥ የሚወጣ የውሃ ትንፋሽ ነው» ብለው ነገሩን። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፣ «የእኔታ፣ የእናቴ ድስት እኮ ክዳኑን ብቻ ነው የሚያነሣው» ቢላቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «ነገሩ ሁሉ የጀመረው ክዳኑ ለምን ይነሣል ብሎ ከጠየቀ ሰው ነው» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስት ሲፈላ ሳይ ባቡር ትዝ ይለኛል።

የአገራችን የባቡር ታሪክ ረጅም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ፣ በደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ተቈረቈረች። ከዚያም የገንዘብ ችግርና የመንግሥታት ክርክር እያዘገየው አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በመጀመሪያ የሚጐትቱት በእንፋሎት የሚሠሩ ባቡሮች ነበሩ፤ በኋላም በናፍታ የሚሠሩት ተተኩ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በሌላና ሰፋ ባለ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። እኔ በአሮጌው ሐዲድ ወደ ድሬዳዋ በወረድሁበት በ1975 ዓ.ም. ባቡሩ የናፍታ ነበር። ጥሩ ባቡር ነበር፤ ነገር ግን የመምህሬን የውሃ ትንፋሽ አላየሁበትም።

ያን ትንፋሽ ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የምትኖረው ልጄ ጠርታኝ አንድ ክረምት ከእርሷ ዘንድ አሳለፍሁ። ክረምት ማለቴ የእነርሱን ክረምት ነው፤ በእኛ ጥርና የካቲት ማለት ነው። ጐረቤቷ ዕድሜያቸውን በፖስታ አዳይነት የፈጸሙ ሽማግሌ ነበሩ። አስተማሪ እንደ ነበርሁና ባቡር እንደምወድ ልጄ ነግራቸው ኖሮ፣ አንድ ማለዳ መጥተው፣ «ዛሬ ቀኑ እጅግ መልካም ነው፤ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይጥላል» አሉኝ። ልጄም ይህን ሰምታ፣ «አባዬ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ሊሄዱ ነው? ሳል ይዞዎት ቢመለሱ እናቴ ምን ትለኛለች?» አለችኝ። «ልጄ፣ የጋዝጊብላ ሰው ዝናብ ፍለጋ ቢወጣ ምን ይደንቃል» ብያት ካፖርቴን ለበስሁ።

የሄድንበት ቦታ ሪብልሄድ ይባላል። ከሴትል ከተማ ወደ ካርላይል በሚወስደው ሐዲድ ላይ ያለ፣ ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ የማያጣው ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ 24 ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ቆሟል፤ ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ከፍታው 32 ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱ የተሠራው ከዛሬ 150 ዓመት በፊት፣ አብዛኛው በአካፋና በዶማ፣ በባሩድና በሰው ጉልበት ነው። ሠራተኞቹ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በሜዳው ላይ በሳንቃ ቤት ይኖሩ ነበር። በአደጋና በፈንጣጣ ካለቁት መካከል ሁለት መቶ ያህሉ በአቅራቢያው ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብረዋል። ድልድዩን የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው፤ ከመቃብሩ ደርሶ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ መቃብሩ ነበር። «ድልድዩን ከማየት በፊት የከፈሉትን ሰዎች ማየት ይገባል» አሉኝ።

የእንግሊዝ የባቡር መሥሪያ ቤት በእንፋሎት የሚሄዱትን ባቡሮች ከዋናው ሐዲድ ፈጽሞ ያስወጣው በነሐሴ 1960 ዓ.ም. ነው፤ የመሰናበቻው ባቡርም ያለፈው በዚሁ ሐዲድ ላይ ነበር። የተጣሉት ባቡሮች ለብረት ነጋዴ ተሸጡ። ባሪ በምትባል የዌልስ ወደብ ባለ አንድ የብረት ግቢ ብዙዎቹ ዝናብ እየወረደባቸው ለዓመታት ዝገው ሲቆዩ፣ አናጢውም፣ አስተማሪውም፣ ጸሐፊውም ገንዘብ እያዋጣ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ገዝቶ አወጣቸው። ከዚያም በእረፍት ቀናቸው እየጠገኑ እንደገና እንዲሄዱ አደረጓቸው። ሐዲዱ ራሱ ደግሞ በኋላ ሊዘጋ ተወስኖ ነበር፤ ሕዝቡ ለብዙ ዓመት ተሟግቶ በሚያዝያ 1981 ዓ.ም. አስተረፈው። ዛሬ የሽርሽር ባቡር በዚያ የሚያልፈው እነዚህ ሰዎች ዝም ስላላሉ ነው።

እኛ በደረስን ጊዜ ሃያ ያህል ሰዎች ቀድመውን ቆመዋል። ሁሉም ከአጥሩ ወዲህ ነበሩ፤ ወደ ሐዲዱ መግባት በሕግ ክልክል ነውና ከመካከላቸው አንድ ስንዝር ያለፈ የለም። የፎቶግራፍ ማንሻቸውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርገው፣ በጃንጥላ ከልለው፣ የመስተዋቱን ፊት በጨርቅ እየጠረጉ ይጠብቃሉ። ባቡሩ ይደርሳል የተባለበት ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ተጨመረ። ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ ነፋሱ በጐናችን ይገባ ጀመር። አንድም ሰው አልሄደም። ከጐኔ የቆመው ወጣት ከብርጭቆው ሻይ አካፈለኝ፤ ሌላው ለማያውቀው ሰው ጓንቱን አዋሰ። የሰው ልብ በገበያ ቀን አይታወቅም፤ አብሮ በመጠበቅ ግን ይታወቃል።

«በፀሐይ ቀን ለምን አትመጡም?» ብዬ ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው። የሰጡኝ መልስ የተማርሁትን የተፈጥሮ ትምህርት አስታወሰኝ። እንፋሎት ራሱ አይታይም፤ እኛ እንፋሎት የምንለው ነጭ ነገር ከጋኑ የወጣው ትኩስ ትንፋሽ ቀዝቃዛ አየር ነክቶት ወደ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ሲለወጥ የሚታይ ነው። እናቶቻችን በብርድ ጧት አክንባሎውን ከምጣዱ ላይ ሲያነሡት የሚወጣውን ነጭ ደመና ታውቁታላችሁ። በቀትር ፀሐይ ግን ያው ምጣድ፣ ያው እሳት፣ ያው ሊጥ እያለ ደመናው ይሳሳል። በጋዝጊብላ ደጋ የሚያርስ በሬም እንዲሁ ነው፤ ትንፋሹ የሚታየው በውርጭ ጧት ነው እንጂ እኩለ ቀን ላይ አይደለም። በሬው እኩለ ቀን ላይ ስላልደከመ አይደለም፤ ድካሙን የሚያሳይ ብርድ ስለሌለ ነው። ባቡሩም በሞቃት ቀን ያንኑ ሸክም ይጐትታል፤ ነገር ግን ጉልበቱን ዓይን አያየውም። ክፉ አየር የተሰወረውን ሥራ ይገልጠዋል።

በመጨረሻ ከሸለቆው በታች ድምፅ ተሰማ። ከሴትል ጀምሮ ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ይህ ለእግረኛ ምንም አይደለም፤ በርካታ ሠረገላ ለሚጐትት ባቡር ግን ከባድ ዳገት ነው። መጀመሪያ የታየን ነጭ ደመና ነበር፤ ባቡሩ ከደመናው ኋላ ወጣ። ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ መንኰራኵሮቹ በረጠበው ሐዲድ ላይ ተንሸራተቱ። ድምፁ በአንድ ጊዜ ተጣደፈ፤ መንኰራኵሩ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ባቡሩ ግን ወደ ፊት አይሄድም። ያን ጊዜ የሚሠራው ነገር ጉልበት መጨመር አይደለም። ነጂው እንፋሎቱን ይቀንሳል፤ ከመንኰራኵሩ ፊት ጥቂት አሸዋ በሐዲዱ ላይ ያፈስሳል። ብረቱ አሸዋውን ሲጨብጥ ባቡሩ እንደገና በቀስታ ይነሣል። እንዲሁም ሆነ። ያን የመሰለ ኃይል፣ ያን ያህል እሳትና ውሃ፣ ከአንድ እፍኝ አሸዋ ውጭ መሄድ አልቻለም።

አርባ ዓመት ያህል ሳስተምር ብዙ ብልህ ተማሪዎች አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ልክ እንደዚያ መንኰራኵር ናቸው፤ ኃይል ሞልቶባቸው በአንድ ቦታ ይሽከረከራሉ። የሚያንሳቸው ተጨማሪ ኃይል አይደለም፤ አሸዋ ነው። አሸዋውም በሰዓቱ መነሣት፣ ደብተርን በንጽሕና መያዝ፣ ያልገባን ነገር ሳያፍሩ መጠየቅ፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። እነዚህ ነገሮች ርካሽ ናቸውና ማንም አያደንቃቸውም፤ በዳገትና በዝናብ ቀን ግን ያለ እነርሱ የሚወጣ የለም።

ባቡሩ በፊታችን ሲያልፍ ከሁላችን እጅ የፎቶግራፍ ማንሻ ድምፅ ተሰማ። እኔም ልጄ ባዋሰችኝ መሣሪያ ጥቂት አነሣሁ። ማታ እቤት ገብተን ስንመለከተው አብዛኛው ምስል ደመናና ዝናብ ነበር። በአንዱ ምስል ላይ ግን ከጐታቹ መስኮት አንድ ሰው አንገቱን አውጥቶ ይታያል። ከሰል ወደ እሳቱ የሚጨምረው ሠራተኛ ነው። ፊቱ በከሰል ጠቁሯል፤ ከግንባሩ ላይ ዝናብና ላብ ተቀላቅሎ ወርዷል፤ ዓይኑ ወደ ፊት ሐዲዱን ያያል። በአንድ ጕዞ ብዙ ኩንታል ከሰል በአካፋ የሚያነሣ ይህ ሰው ነው። በሠረገላው ውስጥ የተቀመጡት መንገደኞች በሞቀ ክፍል ምሳቸውን ሲበሉ ይታዩ ነበር፤ የሚያስኬዳቸውን ሰው ስም ግን የሚያውቅ ከመካከላቸው ስንቱ ነው? ይህን ምስል ከሁሉ አስበልጬ ይዤዋለሁ።

ይህን ስናገር የቅርባችንን አገር ነገር ማለፍ አይገባኝም። ኢጣሊያኖች ከምጽዋ ወደ አስመራ የሠሩት ሐዲድ አስመራ የደረሰው በ1904 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ወለል ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአንዳንድ ቦታ በየመቶ ሜትሩ ሦስት ሜትር ተኩል ሽቅብ ነው። የሪብልሄድ ዳገት ከዚህ ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ከነፋሲት በላይ ከቀይ ባሕር የሚወጣው ጉም ተራራውን ሲሸፍነው ባቡሩ ከጉም ወደ ዋሻ፣ ከዋሻ ወደ ጉም ይገባል። ይህ ሐዲድ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጦርነት ምክንያት ቆመ፤ ብረቱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ዋለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኤርትራውያን መልሰው ሊሠሩት ሲነሡ ሥራውን የሚያውቁት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ነጂዎች፣ ቀጥቃጮችና ሐዲድ ዘርጊዎች ተጠርተው መጡ፤ ከምሽጉ ብረቱን እየሰበሰቡ መልሰው ዘረጉት፤ በኢጣሊያ አገር በ1930 ዓ.ም. የተሠሩትን አሮጌ ጐታቾች አስነሡ። በ1995 ዓ.ም. ሐዲዱ እንደገና አስመራ ደረሰ። ከዚያም ከአውሮፓና ከሌላም አገር ባቡር ወዳዶች በጉሙ ውስጥ ቆመው ፎቶግራፍ ሊያነሡ መጡ።

እስቲ አስቡት። እነዚያ ሽማግሌዎች ዐሥር ዓመት ቀድመው ሞተው ቢሆን ኖሮ ያን ሥራ ማን ይሠራው ነበር? መጽሐፍ ብዙ ነገር ይይዛል፤ ይሁን እንጂ እሳቱ መቼ እንደ በዛ በድምፅ ብቻ የሚያውቅ ጆሮ፣ የብረቱን መሰንጠቅ በመዶሻ መትቶ የሚለይ እጅ በመጽሐፍ አይገኝም። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ካልተላለፈም ከሰውየው ጋር ይቀበራል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዱ፣ «የከሰል ጢስ አየርን ያበላሻል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እያለ አሮጌውን ማድነቅ ወደ ኋላ መመለስ ነው» ይለኛል። ሌላው፣ «የምጽዋው ሐዲድ የተሠራው ቅኝ ገዢው ወታደሩንና ዕቃውን ሊያጓጕዝበት ነው፤ ምን ይወደሳል?» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። እኔም እህላችንን በእንፋሎት ባቡር እናጓጕዝ አላልሁም። ነገር ግን አሮጌውን ሥራ ማወቅና በአሮጌው ሥራ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያዘዘው ገዢ ሌላ፣ ድንጋዩን የፈለጠው ሠራተኛ ሌላ ነው። የገዢው አሳብ ቢጠላም የሠራተኛው ላብ ሊረሳ አይገባውም።

ወደ አገሬ ስመለስ የያዝሁት ነገር ቢኖር ይህ አሳብና ልጄ የሰጠችኝ የፎቶግራፍ መሣሪያ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዋግ ምድር ጦርነት በደረሰ ጊዜ ካስተማርሁበት ትምህርት ቤት የቆየው መዝገብና የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፍ ጠፍቷል። ከብዙ ሰው ቤትም የአባትና የእናት ምስል ጠፍቷል። የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ገና ያልጠፋውን ግን መያዝ ይቻላል ብዬ በየመንደሩ ሽማግሌዎችን እየዞርሁ ፎቶግራፍ ማንሣትና የሚያውቁትን መጻፍ ጀመርሁ።

ከእነዚህ አንዱ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ጨው የጫኑ አዛውንት ነበሩ። ቤታቸው ከመኪና መንገድ የሦስት ሰዓት እግር መንገድ ይርቃል። በነሐሴ ወር ዝናብ ሲወርድ ሄድሁባቸው። «ጋሼ መምህር፣ በዚህ ዝናብ ምን አመጣዎት?» አሉኝ፤ በዕድሜ አባቴ ሲሆኑ ለማስተማሬ ክብር ሰጥተው ነው እንዲህ የጠሩኝ። «አባቴ፣ በዚህ ዝናብ ከእርሻ ቀርተው ከቤት አገኝዎታለሁ ብዬ ነው» አልኋቸው። ሳቁና ሰፈሮቹን አንድ በአንድ ይቈጥሩልኝ ጀመር፤ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኽምጣና። ጨው ዝናብ እንዳይነካው በምን እንደሚሸፈን፣ በቅሎ ስታነክስ በየትኛው እግሯ እንደሆነ ከኋላ ሆኖ በኮቴዋ ድምፅ እንዴት እንደሚታወቅ ነገሩኝ። በመጨረሻ ጌሣቸውን ለብሰው ከደጃፋቸው በዝናቡ ውስጥ ሲቆሙ አነሣኋቸው። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ። በተዝካራቸው ቀን ከቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ያ ምስል ነበር፤ ሌላ ምስል አልነበራቸውም። የልጅ ልጃቸው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ የሰፈሮቹን ስም ከጻፍሁበት ወረቀት ላይ ወደ ደብተሯ ስትገለብጥ አየሁ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ቀኑ እስኪጠራ ድረስ መልካም ሥራን አታቆዩ፤ ሽማግሌው ቀኑ እስኪጠራ ድረስ አይጠብቅምና። ሰውን በደስታው ቀን ብቻ አይታችሁ አወቅነው አትበሉ፤ ትንፋሹ በሚታይበት በብርዱ ቀን እዩት። ራሳችሁም ዳገት በገጠማችሁና እግራችሁ በተንሸራተተ ጊዜ አትጣደፉ፤ ቀዝቀዝ ብላችሁ አሸዋችሁን ፈልጉ። ብዙ ሰው ወደሚያየው ወደ ታላቁ ነገር ስትመለከቱ ከመስኮቱ ውስጥ ከሰል የሚጨምረውን ሰው ፈልጋችሁ አግኙት፤ ስሙንም ጠይቁት። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የራሳችሁን ፊት መቶ ጊዜ ባነሣችሁበት መሣሪያ የአያታችሁን ፊት አንድ ጊዜ አንሡበት፤ አንሥታችሁም ወዲያው አትሂዱ፣ ተቀምጣችሁ የሚያውቁትን ጠይቁ፣ የነገሯችሁንም ጻፉት።

በጋዝጊብላ ክረምቱ ሲገባ ብዙ ሰው ከቤት ይውላል። በየቤቱም ምድጃ ዳር አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አንዲት የምታውቅ አሮጊት አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ከዝናብ ቀን የተሻለ ቀን የለም።